ስለ ቆሽት ነቀርሳና ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚነሣው ሥዕል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከሕክምና ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር ነው። መምጣት ላልቻሉት ይጠቅማል በማለት የዝግጅት ክፍሉ ሙሉውን አትሞታል።)



የማኅበራችን ኮሚቴ ከሕክምና ተማሪዎች አንዱ ወጥቶ ስለ ትምህርቱ እንዲናገር በጠየቀ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርሁም። ከሁለት ዓመት በፊት አጎቴ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ እውነተኛ መልስ ሳልሰጠው ሞተ። ዛሬ የምናገረው ያን ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ለእሱ ባይደርስም ለሌላ ሰው ይደርስ ይሆናል።

አጎቴ በአገር ቤት እህል ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ዐይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሰውነቱን ያሳክከው ጀመር፤ ሽንቱ እንደ ቡና ጠቆረ። የሚያስጮህ ሕመም ግን አልነበረውም። ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ መድኃኒት ዐዋቂ ተፈልጎም ቅጠል ተጨምቆ ተሰጠው። በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ዐለፈ። ልብሱ ሲሰፋበትና እህል ሲጠላ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ አመጣነው። በአንድ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሙ እኛን ዘመዶቹን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ «ቆሽቱ ላይ ነቀርሳ አለ፤ ደም ሥሩን ይዞታል፤ ኦፕራሲዮን አይሆንም» አለንና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ለሕመምተኛው ምንም አልነገረውም። እኛም «የጨጓራ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል» አልነው።

ማታ ሁለታችን ብቻ ስንሆን አጎቴ ፊልሙን ከፖስታው አወጣና ወደ መብራቱ ይዞ ተመለከተው። ከዚያም «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ ይህ ሥዕል ስንት ጊዜ ቀረህ ይለኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ጋሼ፥ ሥዕል እንዲህ ያለውን ነገር አይናገርም» አልሁት። ከመለስሁለት ቃል ግማሹ እውነት ነበር፤ ግማሹ ሽሽት ነበር። የትኛው እውነት፥ የትኛው ሽሽት እንደነበረ በዛሬው ንግግሬ ለይቼ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። ነቀርሳ ስል ካንሰርን ማለቴ ነው እንጂ የሳምባውን በሽታ አይደለም፤ የምጠቅሳቸውም ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአማርኛችን የቆሽት ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲናደድ ነው፤ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ፥ ከአከርካሪ አጥንት በስተፊት ተጋድሞ የሚገኝ፥ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ለስላሳ አካል ነው። ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳውን ፈሳሽ ወደ አንጀት ያፈስሳል፤ የደምን ስኳር የሚቈጣጠረውን ኢንሱሊንም ይሠራል። የቆሽትን ራስ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ እንደ ማጭድ ከብቦታል፤ ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቱቦም በዚሁ ራስ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ በራሱ ላይ ነቀርሳ ቢበቅል ቱቦውን ይዘጋና ዐይንን ቢጫ ያደርጋል። በመካከሉ ወይም በጅራቱ ላይ ቢበቅል ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይሰፋል። የአጎቴ ቢጫነት እንግዲህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር፤ ደወሉን ግን በሌላ ስም ጠራነው።

ሌላም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ከቆሽት አጠገብ ታላላቅ የደም መንገዶች ያልፋሉ። አንደኛው ለአንጀት ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳ ነው፤ ሁለተኛው ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚወስደው ደም መልስ ነው። ደም መልሱ ቢነካ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም የተነካውን ቆርጦ መልሶ ሊሰፋው ይችላል። ደም ቅዳው ከተያዘ ግን ነገሩ እጅግ ይከብዳል። የዚህ በሽታ ዕጣ ብዙውን ጊዜ የሚለየው በእነዚህ ጠባብ ቦታዎች ላይ ነው።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ራጅን ያገኘው በ1895 ነው። ራጅ አጥንትን አጥርቶ ያሳያል፤ ቆሽት ግን ለስላሳ ሥጋ ስለሆነ በተራው ራጅ አይታይም። ስለዚህ በ1909 ካውሽ በበርሊን፥ በ1935 ደግሞ ዊፕል በኒው ዮርክ ይህን የቆሽት ራስ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ሲሠሩ ሆድ ሳይከፈት ውስጡን የሚያሳያቸው መሣሪያ አልነበራቸውም። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በዊፕል ስም ይጠራል። በዚህ ሥራ የቆሽቱ ራስ፥ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፥ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦ ክፍል ይወጣሉ፤ ከዚያም የቀረው ቆሽት፥ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው እንደገና ከአንጀት ጋር ይሰፋሉ። በሆድ ውስጥ ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ሥዕል ባልነበረበት ዘመን ስንት ሰው ሆዱ ተከፍቶ «አይሆንም» ተብሎ እንደነበረ ተዘግቶ ይሆን!

ይህን የለወጠው ዕውቀት አንዱ ሥሩ በአፍሪካ ምድር መሆኑን ስነግራችሁ ደስ ይለኛል። አለን ኮርማክ በ1924 በጆሐንስበርግ የተወለደ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በ1956 በኬፕ ታውን በግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ ሳለ፥ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ በሰውነት ውስጥ ቢያልፍ የውስጡን ሁኔታ በሒሳብ ማግኘት ይቻላል ብሎ አሰበ። ውጤቱን በ1963ና በ1964 አሳተመ፤ በዚያን ጊዜ ግን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ሐውንስፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በራሱ መንገድ መሣሪያውን ሠራ፤ በጥቅምት 1971 በለንደን አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል የመጀመሪያው በሽተኛ ራስ ሥዕል ተነሣ። በ1979 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ከመካከላችሁ ሒሳብ የምትማሩ «ይህ ቀመር ለማን ይጠቅማል?» እያላችሁ የምታዝኑ ብትኖሩ ኮርማክን አስታውሱ።

ዛሬ ቆሽት በሲቲ ስካን ሲነሣ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። ፈሳሹ ከተሰጠ ከ40 ሰከንድ ትንሽ እንዳለፈ ጤነኛው ቆሽት ደም ጠጥቶ ያበራል፤ ነቀርሳው ግን እንደ ጠባሳ የደረቀና ደም የሚያንሰው ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ጨለም ብሎ ይቀራል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ጉበቱና ደም መልሱ እንዲታዩ ሁለተኛ ይነሣል። ሰዓቱ ካልተጠበቀ ሥዕሉ ደብዛዛ ይሆናል፤ ሥዕሉ ከደበዘዘ ፍርዱም ይደበዝዛል።

ሐኪሙ በዚህ ሥዕል ላይ ነቀርሳው ደም ቅዳውን እንዴት እንደያዘው ይመለከታል። ሐረግ በዛፍ ላይ ሲወጣ አስቡ። ሐረጉ ዛፉን ጨርሶ ካልነካው ቀዶ ሕክምናው ይቻላል ይባላል። ከዛፉ ዙሪያ እስከ ግማሹ፥ ማለት እስከ 180 ዲግሪ ድረስ ከነካው በድንበር ላይ ያለ ይባላል። ከግማሽ በላይ ካቀፈው ሥር ሰድዷልና በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና አይኬድም። በጉበት ወይም በሌላ ሩቅ ቦታ ዘር ከተገኘ ደግሞ የተለመደው መንገድ ቢላዋ ሳይሆን መድኃኒት ነው። በሽታው ሲታወቅ ገና ለቀዶ ሕክምና የሚበቁት ከ100 ሰዎች 15 ወይም 20 ብቻ ናቸው። በአሜሪካ በዚህ በሽታ ከተያዙት ሁሉ አምስት ዓመት የሚኖሩት ከ100 ወደ 13 ገደማ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሥዕሉ «ይቀደድ ወይስ አይቀደድ?» ለሚለው ጥያቄ ስለሚሰጠው መልስ ነው። የአጎቴ ጥያቄ ግን ከዚህ ያልፋል፤ «ስንት ጊዜ?» የሚል ነው። ይህንንም ጥያቄ ሊቃውንት አልተዉትም። ቀድሞ የመኖርን ተስፋ የሚገምቱት በአመዛኙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነበር፤ የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የነቀርሳው መጠን፥ ወደ ዕጢዎች መድረሱና በተቈረጠበት ጠርዝ ላይ መቅረቱ ይመረመራል። ነገር ግን ይህ ዕውቀት የሚመጣው ሰውየው ከተቀደደ በኋላ ነው። ተጓዥ መንገዱን ከጨረሰ በኋላ ካርታ ቢሰጡት ምን ይረባዋል?

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተነሣው ሥዕል ዕድሜን ለመገመት ብዙ ተሞከረ። የነቀርሳው ስፋትና የደም ሥሮቹ መነካት ይለካል። በሦስተኛው የወገብ አጥንት ትይዩ የሚታየው የጡንቻ ስፋትም ይለካል፤ ጡንቻው የመነመነ ሰው በጥቅሉ ሲታይ ከሌላው ይልቅ ዕድሜው ያጥራልና። ከዚህም አልፎ ዐይን የማይለየውን የነቀርሳውን ጥቁርና ነጭ መዥጐርጐር በኮምፒዩተር እየቈጠሩ ከዕድሜ ጋር ማዛመድ ተጀምሯል። በ2018 በኒው ዮርክ የሚገኙ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 161 ሰዎች ሥዕል በዚህ መንገድ መርምረው ከደም ምርመራ ጋር አጣምረው ውጤቱን አሳትመዋል። የትክክለኛነቱ ልክ ወደ 0.7 የሚጠጋ ነበር።

ይህ ቊጥር ምን ማለት ነው? ሁለት ሕሙማን ወስደን «ከሁለቱ የሚቀድመው ማን ነው?» ብንል፥ ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰው ከ100 ጥንዶች በ50ዎቹ ይሳካለታል። በኮምፒዩተሩ የሚገምት ደግሞ በ70 ያህሉ ይሳካለታል። ከሳንቲም እንደሚሻል ግልጽ ነው። ነገር ግን በ30ዎቹ ጥንዶች ይረዝማል ያለው ያጥራል፤ ያጥራል ያለው ይረዝማል። ስለ ብዙ ሰዎች ለሚያስብ ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ በፊቱ ለተቀመጠው ለአንድ ሰው ግን የቀን ቈጠራ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ «ሥዕል አይናገርም» ካልሁት ውስጥ እውነቱ ግማሽ ይህ ነው።

ሥዕሉ የማያያቸውን ነገሮች ልዘርዝር። በመጀመሪያ፥ በጉበት ላይ ወይም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተዘራ ጤፍ የሚያህል ነቀርሳ በሲቲ ስካን ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ከትልቁ ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ገብቶ ሆዱ ይታያል። እንዲሁም መጠናቸው እንደ ጤነኛ የሆነ ዕጢዎች ነቀርሳ ተሸሽጎባቸው ይገኛል።

ሁለተኛ፥ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ሥዕሉ ያታልላል። ነቀርሳው ሞቶ ጠባሳ ብቻ ቢቀር በሥዕሉ ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በ2015 በቦስተን ያሉ ሐኪሞች ይህን አሳትመዋል፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ሥዕሉ አሁንም «ደም ሥሩ ተይዟል» ካለላቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ሲቀደዱ ነቀርሳው ሙሉ በሙሉ ሊወጣላቸው ችሏል። ሥዕሉን ብቻ አምነው ቢተዉአቸው ኖሮ ዕድላቸው ይቀር ነበር።

ሦስተኛ፥ ሥዕሉ የሐኪሙን እጅ አያይም። በ2002 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ ታላቅ ጥናት፥ የቆሽት ቀዶ ሕክምና እጅግ አልፎ አልፎ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ ወዲያው ሲሞቱ፥ አዘውትሮ በሚሠራባቸው ግን የሚሞቱት 4 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በር መሳሳት ብቻ ሰውን ይገድላል።

አራተኛ፥ ሥዕሉ ነገ የሚመጣውን መድኃኒት አያውቅም። በፈረንሳይና በካናዳ 493 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2018 ታትሟል። ሁሉም ቀዶ ሕክምና አድርገው ያገገሙ ናቸው፤ በዕጣ በሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን ጀምሲታቢን የተባለውን መድኃኒት፥ ሁለተኛው ፎልፊሪኖክስ የተባለውን የመድኃኒቶች ድብልቅ በተስተካከለ መጠን ወሰዱ። የመካከለኛው ሰው ዕድሜ በአንደኛው ወገን 35 ወር፥ በሁለተኛው 54 ወር ከግማሽ ገደማ ሆነ። በዕጣ የተከፈሉ ስለሆኑ የሁለቱ ወገኖች በሽታ ተመሳሳይ ነበር፤ የተለወጠው መድኃኒቱ ነው። በአሮጌው መድኃኒት ዘመን ከተሰበሰበ ሥዕል የተቀመረ ትንቢት ለአዲሱ መድኃኒት ዘመን ሰው ይሠራል ብሎ መናገር እንግዲህ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለጓደኞቼ ለስታቲስቲክስ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነጥብ ልጨምር። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ በአንድ ሆስፒታል፥ በጥቂት መቶ ሰዎች፥ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገብ በማገላበጥ የተሠሩ ናቸው። የተቈጠሩትም ለቀዶ ሕክምና የተመረጡት ብቻ ናቸው፤ በሩ ላይ የተመለሱት አልተቈጠሩም። መሣሪያው ሲለወጥ፥ የሥዕሉ ቊራጭ ሲወፍር ወይም ሲሳሳ፥ ኮምፒዩተሩ የሚቈጥረው ቊጥር ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ቤት የተሰፋ ልብስ በሌላ ቤት ሰው ላይ ሳይለካ «ልክ ነው» ሊባል አይገባም። በአገራችን ሕሙማን ላይ ሳይፈተን ከውጭ የመጣ ቀመርን ዝም ብሎ መቀበል ደግሞ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሆነ ሥዕሉ ምን ይጠቅማል? ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን የመሞቻን ቀን መንገር ሳይሆን መንገድን መምረጥ ነው። በዊፕል ቀዶ ሕክምና የተኛ ሰው ለማገገም ብዙ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል። በሽታው ወዲያው የሚመለስበት መሆኑ የሚያሰጋ ሰው ከቀረው አጭር ዕድሜ ይህን ያህል በአልጋ ላይ እንዲያጠፋ ማድረግ ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው? ለእንዲህ ያለው መድኃኒቱ ይቅደም፤ ነቀርሳው ለመድኃኒቱ የሚሰጠውን መልስ እንይ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቢላዋው እንወስን እንላለን። ተስፋው የተሻለ ለሆነው ደግሞ ሳይዘገይ፥ ሥራውን አዘውትሮ ወደሚሠራ እጅ እንልካለን።

አሁን ሽሽት ወዳልሁት ግማሽ ልመለስ። ሥዕሉ ቀን ባይቈጥርም ለአጎቴ አንድ እውነት ተናግሮ ነበር፤ «ጊዜህ ረጅም አይሆንም፤ ያለህን አዘጋጅ» የሚል። ይህን እኛ ዘመዶቹ ሰማን፤ ሐኪሙ ዐወቀ፤ ባለቤቱ ብቻ ተከለከለ። በአገራችን መርዶ እንኳ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፥ ጊዜ ተመርጦ፥ አጽናኝ ባለበት ይነገራል። ይህ መልካም ወግ ነው። ነገር ግን የወጉ ፍሬ ቀስ ብሎ መንገር ነው እንጂ ጨርሶ አለመንገር አይደለም። እኛ ስለ ሌላው ሰው ሞት በክብር መንገር እያወቅን፥ ሰውን ስለ ራሱ ሕይወት መንገር አቃተን።

አጎቴ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ተቈርጦ ነበር። ቢነገረው ኖሮ ቀኑን ከጾሙ በፊት ያመጣው እንደነበረ እናቷ ትናገራለች፤ እኔም አምናለሁ፤ ሒሳቡን የሚያሳድር ሰው አልነበረምና። እሱ ግን «ጨጓራዬ ሲሻለኝ» እያለ ይጠብቅ ነበር። በጾሙ አጋማሽ ዐረፈ። ሙሽራይቱ ጥቁር ለበሰች። ነቀርሳውን ማንም ሊያድን ባይችል፥ ሠርጉን ግን አንድ እውነተኛ ቃል ሊያድነው ይችል ነበር።

ዛሬ ያ ሌሊት ቢመለስልኝ የምመልስለት እንዲህ ነው። «ጋሼ፥ ሥዕሉ ቀኑን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። እንዳንተ ያለ ሕመም ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት ከዓመት ብዙ አያልፉም፤ ጥቂቶች ግን ያልፋሉ። አንተ ከየትኞቹ እንደሆንህ ሊነግረን የሚችል የለም። ስለዚህ ለመኖርም እንጣር፤ ሊደረግ የሚገባውንም ሳናሳድር እናድርግ።» ይህ መልስ ውሸት የለበትም፤ ተስፋም አይቈርጥም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ንግግሬን በሦስት ቃል ልደምድም። ለሁላችሁም፦ ሕመም ሳይኖረው ዐይኑ ቢጫ የሆነ፥ የሚከሳ፥ ሽንቱ የሚጠቁር ሽማግሌ ወይም ባልቴት በቤታችሁ ብታዩ «የወፍ በሽታ ነው» ብላችሁ ሁለት ወር አትጠብቁ። ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ግን ይመርመር፤ ሆድን በአልትራሳውንድ ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ለሒሳብና ለኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች፦ ኑና ከእኛ ጋር ሥሩ፤ የአገራችን ሕሙማን ሥዕልና መዝገብ በሥርዐት ካልተቀመጠ፥ ስለ እኛ የሚነገረው ትንቢት ሁሉ በሰው ልክ የተሰፋ ይሆናል። ለሕክምና ጓደኞቼና ለራሴ፦ ሥዕሉን አጥርተን ማንበብ እንማር፤ ካነበብን በኋላ ግን ኮሪደር ላይ አንቁም። ወደ ክፍሉ እንግባ፤ ወንበር ስበን እንቀመጥ፤ ሥዕሉ የማን እንደሆነም አንርሳ።